ስለ እሱ እኔን ሲጠይቁኝ

ከባሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የዊልቸሩን የቀኝ ጎማ ካላማዳሪ መለጠፍ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካላማዳሪውን በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እጠብቃለሁ። አምቦ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቷል፤ ከበራችን ወጣ ብሎ እንኳን አንድ አለ። ባሌ ግን ጎማውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። «ያንተን ጫማ ሌላ ሰው ነው የሚያስርልህ?» ይላል ሲጠይቁት።

«እዚህ ጋ» አልኩት።

«ሜ፣ እስቲ የት?»

«ከአውራ ጣትህ አጠገብ። ዛሬ ደግሞ ዓይንህን ምን ነካው?»

«ዓይኔም ከሄደማ አንድ አሠልጣኝ ለሁለት ጉዳት ይበቃል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ደስ ይላቸዋል።»

ሳቅን። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ማስቲሽ ቀባሁት፤ እሱ ቁራጩን ጎማ ለጥፎ በመዶሻው እጀታ ጠቀጠቀው። ከዚያ ነፋንና ደግመን ውሃ ውስጥ ከተትነው። አረፋ የለም። «ሃዳ መና፣ ማክሰኞን ያደርሰናል» አለኝ። ሃዳ መና በኦሮምኛ የቤት እናት፣ ሚስት ማለት ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ማክሰኞ ሥልጠና ነበረን። ማታውን ትኩሳት ያዘው፤ ሥልጠናውም ቀረ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ወረቀቱን አይቼው ብቻ እነሣለሁ። ሴት የባሏን ሐዘን ስትጽፍ እንባ ይጠበቅባታል። እንባው አለ። ነገር ግን ብዕር ስይዝ ከእንባው ቀድሞ የሚመጣብኝ መጸየፍ ነው። ሰውነቴን ቅፍፍ ይለኛል። ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ካላስቀመጥኩት የሚለቀኝ አልመሰለኝም።

ባሌ ገና ተማሪ ሳለ የተሳፈረበት አውቶብስ ከጊንጪ ወዲህ ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። እኔ ያወቅኩት ወንበሩ ላይ ነው። ከወንበሩ በፊት የነበረውን ሰው አላውቀውም፤ ናፍቄውም አላውቅም። ስንጋባ ሁለታችንም መምህራን ነበርን። ከሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግድም ጀምሮ ግን ሥራችን ሌላ ሆነ። መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች ይጠሩናል፤ ሠራተኞቻቸውን ስለ አካል ጉዳተኞች እኩልነት እናሠለጥናለን፤ ሕንፃቸውን ዞረን እናይና በሩን፣ ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉ እንመክራለን። እናሠለጥናለን አልኩ እንጂ አሠልጣኙ እሱ ነው። እኔ ወረቀት አድላለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ ያልደረስንበት ከተማ የለም። መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት ቤት ተቀምጠን የቀጣዩን እናዘጋጃለን፤ መንገዱ ሲከፈት ወንበሩን አጥፈን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንጭናለን።

ሥራችን አንድ ደንብ ነበረው። ስለ እሱ እኔን ሲጠይቁኝ አልመልስም።

ደንቡ የተወለደው ጊንጪ፣ ምሳ ቤት ውስጥ ነው። አሳላፊው መጣና ትከሻዬ አጠገብ ቆሞ «ለእሳቸው ምን ላምጣላቸው?» አለኝ። ባሌ ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ነው የተቀመጠው። ልመልስ አፌን ስከፍት ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ። ዝም አልኩ። የማየው ስላጣሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቢራ ማስታወቂያ አየሁ። አሳላፊው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «አይሰሙም እንዴ?» አለኝ። እኔ ቢራውን አያለሁ።

«ጥብስ» አለ ባሌ። «ቃሪያው ይብዛ። የምሰማውም የማኝከውም ራሴ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግድግዳ ማየት ሥራዬ ሆነ። በየሄድንበት ከሥልጠናው በፊት አንድ ሰው ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም። «ማይክ መያዝ ይችላሉ?» «ፀሐይ አይከብዳቸውም?» «ሽንት ቤት ሲፈልጉ እንዴት ነው የሚሆኑት?» ትሕትናው ሙሉ ነው፤ አንቱታው አይጎድልም፤ ዓይናቸው ብቻ እሱን አልፎ እኔ ላይ ያርፋል። በኦሮምኛ ሲጠይቁኝም ያው ነው። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። እሱ ዝምታው ራሱ እስኪከብዳቸው ይጠብቅና ይመልሳል። በኋላ አዳራሹ ሲሞላ ሥልጠናውን ከዚያው ይጀምራል። «ቅድም በር ላይ ይህችን ሴት ስለ ሽንቴ የጠየቅሃት ወንድሜ፣ የት ነህ? እስቲ እኔን ጠይቀኝ። አልነክስም።» ሰው ይስቃል። የጠየቀው ሰው ይቀላል። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት የማድለው።

አዲስ ዓለም አንድ የማርያም ዕለት የአዳራሹን ቁልፍ እስኪያመጡ ከበሩ ውጭ እንጠብቃለን። ባሌ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫት አስሯል። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ አንዲት እናት ቆም አለችና ነጠላዋ ውስጥ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ጭኑ ላይ አኖረችለት። «እመ ብርሃን ትማርህ፣ ልጄ» አለችው። ጺሙ ሸብቷል፤ በዕድሜ የምትበልጠውም አይመስለኝም። «አሜን፣ እናቴ» ብሎ ተቀበላት። ሥልጠናው ሲጀመር ሠላሣ ያህል የቢሮ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ዳቦውን ቀስ እያለ ገመጠ። ውጦ ሲጨርስ «ጥሩ ዳቦ ነው» አለ። «የሰጠችኝ እናት ለማኝ መስያት ነው። እናንተስ? አበል ተከፍሏችሁ የመጣችሁት ምን መስያችሁ ነው?»

ያችን እናት አልተጸየፍኳትም። ካላት ላይ ነው የቆረሰችው። የምጸየፈው ሌሎቹን ነው። በሻይ ሰዓት ሳይጠይቅ እጁን ባሌ ራስ ላይ ጭኖ ጮክ ብሎ የጸለየውን ሠልጣኝ። «የአምቦ ሰው ሆናችሁ ፍል ውሃው ሳይሞከር ነው?» ያለንን የሥራ ኃላፊ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንበሩን ለመለማመጃ አውሱን የሚሉትን። ልማዱ በየድርጅቱ ተስፋፍቷል፤ ኃላፊዎቹ በተራ ዊልቸር ላይ ይቀመጣሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ሱሪያቸውን እያራገፉ «አሁን ገባን» ይላሉ። ባሌ ይህን ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነበር። «ወንበሬ ሱሪዬ ነው። ሱሪዬን አውልቄ አላበድርም።»

አምቦ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ አዳራሹ ፎቁ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠሩን ቀን ደረጃው ሥር ስንደርስ ጥበቃዎችና ሾፌሮች እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቁን።

«በሉ ያዙ!» አለ አንዱ።

«ማንን?» አለ ባሌ።

«እርስዎን ነዋ፣ ጋሼ። ማሎ፣ እባክዎ አይፍሩ። ስሚንቶ በትከሻችን የምናወጣ ሰዎች ነን።»

«ስሚንቶ መሰልኩህ?»

«ኧረ ስሚንቶማ እንዲህ አያስቸግርም!»

ባሌ ራሱ ሳቀ። ግን ፍሬኑን ያዘ። ከዚህ በፊት ሌሎች ተሸክመውት ያውቃሉ፤ በወጣትነቱ ከስንት ደረጃ ላይ ተሸክመውታል፤ አንድ ጊዜም ጥለውታል። «እኔ አልወጣም። ሥልጠናው ይውረድ» አለ። ሽቅብ ቁልቁል ተባለ። በመጨረሻ ሠልጣኞቹ እያጉረመረሙ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወረዱ፤ መተላለፊያው ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ኃላፊው ግን ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሞ፣ የብረት መደገፊያውን ይዞ፣ ቁልቁል እያየ አዳመጠ።

ያን ዕለት ፊት የተቀመጠችው አንዲት ክራንች የምትይዝ ሴት ነበረች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቢሮዋ ምድር ቤት፣ መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ስብሰባ ተቀምጣ ግን አታውቅም። ባሌ እንዴት ብሎ ሲጠይቃት «ስብሰባው ላይ ነው፤ እኔ ታች ነኝ» አለችው። «የተወሰነውን ሲወርዱ ይነግሩኛል። የሚያስታውስ ሲወርድ ብዙ እሰማለሁ፤ የሚረሳ ሲወርድ ትንሽ።»

ከዚያ በኋላ ባሌ ያን መሥሪያ ቤት አልለቀቀውም። ምድር ቤቱ ውስጥ የተሰባበረ ወንበርና አሮጌ ጎማ የታጨቀበት ሰፊ ክፍል ነበር። ተመላልሶ፣ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ቀልዶ ክፍሉን አስጸዳው። በሩ ሰፋ፤ ጉበኑ ላይ በስሚንቶ ዘቅዛቃ መግቢያ ተሠራ። ግንበኛው መጀመሪያ የሠራለት ዳገት ፍየል እንኳን የሚያንሸራትት ነበር፤ አፈረሰው። «ማን ነው በዚህ የሚወጣው? በክንፍ ነው?» አለው። በመጨረሻ ሲስተካከል ባሌ ያለ ምንም ጉዳይ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ሁሉ ወደዚያ ወረደ። ክፍሉ የታችኛው አዳራሽ ተባለ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ስብሰባ ላይ ምን ያህል ተናጋሪ እንደሆነች ሠራተኛው ያን ጊዜ አወቀ። አንዳንዶቹ ሳይቆጫቸው አልቀረም።

በየከተማው ብዙ ተናግረናል፤ ብዙው ነፋስ ወስዶታል። ባሌ ሠርቼዋለሁ የሚለው ያን በር ነበር።

ጎማውን የለጠፍን ዕለት ማታ የጀመረው ትኩሳት ኩላሊቱ ነው። ከዚህ በፊትም ያመው ነበር፤ መድኃኒቱን ወስዶ ይነሣል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ካርዱን እያየ «የት ጋ ነው የሚያማቸው?» አለ። ቀና ሲል ያየው እኔን ነው።

እኔ ግድግዳውን አየሁ። ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር ሥዕል ተለጥፏል። ውሃ፣ ሳሙና፣ ሁለት እጆች። ባሌ እስኪመልስ ጠበቅኩ። የሚለው ነገር አላጣም፤ «ዶክተር፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይለዋል ብዬ ከንፈሬ ሊሥቅ ዳድቶታል። አልመለሰም። ዞሬ አየሁት። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም።

«ወገቡን ነው» አልኩ። «ትናንት ማታ ነው የጀመረው።» በትዳራችን ስለ እሱ የሰጠሁት ብቸኛ መልስ ያ ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ዐረፈ።

ድንኳን ተተከለ፤ ለቅሶ ደራሹ መጣ። የሰፈራችን ሰው ለለቅሶ ወደኋላ አይልም፤ ይህን አልክድም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ጎረቤቱም ሠልጣኙም መጣ። ነገር ግን የሚሉት! ከእኔ አጠገብ የተቀመጠች ጎረቤቴ እጄን ይዛ «እሱም ተገላገለ፣ አንቺም ተገላገልሽ» አለችኝ።

«ከምን?»

«እንግዲህ... ከመከራው ነዋ፣ እህቴ።»

ትዳሬን ነው መከራ የምትለው። ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ «ጽድቅሽን ጨርሰሻል፤ አንቺ ገነት የምትገቢው ሳትጠየቂ ነው» አለች፤ ዙሪያውን የተቀመጡትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌ ቆንጆ ነበር። ቀልደኛ ነበር። ዕቃ እጠብ ስለው አስመስሎ የሚያጥብ ሰነፍ፣ ሲናደድ ሳምንት የሚያኮርፍ ሰው ነበር። ያገባሁት ወድጄው ነው። እነሱ ግን ትዳራችንን እንደ ጾም ቆጥረውታል፤ አሁን መፈሰኪያዬ ደረሰ። ምግብ ሲያቀርቡልኝ ሳህኑን መልሼ እገፋ ነበር። ሐዘን ነው ይላሉ። ሐዘን ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ነፋስ ልቀበል ከድንኳኑ ወጣ ስል የእድራችን ሰዎች ከቦኖ ውሃ ሲያመጡ አየሁ። ቢጫ ጄሪካኖቹን የጫኑት የባሌ ዊልቸር ላይ ነው። አንዱ መቀመጫው ላይ፣ አንዱ የእግር ማሳረፊያው ላይ፣ አንዱ ከኋላ መያዣው ላይ ተንጠልጥሏል። የሚገፋው ሰውዬ ላቡን እየጠረገ «ይሄ ነገር እኮ ጋሪ ያስንቃል!» ይላል ለጓደኛው።

ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሲያየኝ ደነገጠ።

«የማን ወንበር ነው?» አልኩት።

«የሟች ነዋ፣ እህቴ» አለ። «ውሃውም እኮ ለእሱ ለቅሶ ነው።»

ምን ይባላል? ሱሪውን አውልቆ የማያበድር ሰው፣ በሞተ በማግስቱ ሱሪው ላይ ጄሪካን ተጭኖበታል። የቀኝ ጎማውን አየሁ። ያን ሁሉ ጭኖ በኮረት መንገድ ላይ መጥቷል፤ አልተነፈሰም። የለጠፍነው ይዟል። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ራሱ ቀፈፈኝ። ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ወንበሩን ወደ ቤት ገፋሁት። ከኋላዬ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ፣ ምስኪን» ሲሉ ሰማሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ያ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሞ ያዳመጠን ኃላፊ ቤቴ መጣ። አጽናናኝ፤ ስለ ባሌ መልካም መልካሙን ተናገረ። ከዚያ ጉዳዩን አነሣ።

«እርስዎ ይቀጥሉልን። ሠራተኛው ለምዶዎታል፤ ነገሩንም ያውቁታል። እንዲያውም አሁን ይቀላል።»

«ምኑ ነው የሚቀለው?»

«ወደ ላይኛው አዳራሽ ተመልሰናል። ሰፊ ነው፣ ፕሮጀክተርም አለው። እርስዎ ደግሞ ደረጃ ይወጣሉ።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለራሴ ደግሜ የምጽፈው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ስንት ዓመት ያሠለጠነው ባሌ ነው። ወረቀት ያደልኩት እኔ ነኝ።

«የታችኛውስ?» አልኩት።

«ለመጋዘን ተፈለገ። ጄኔሬተር ገዝተናል፣ ቀለምም አለ። ባዶውን ከሚቀመጥ ብለን ነው። መቼም እሳቸው ካረፉ በኋላ...»

«የመዝገብ ቤቷ ሴትዮስ?»

«እሷማ ለምዳዋለች። እንነግራታለን።»

ከዚያ የመጨረሻውን አመጣ። የባሌን ፎቶ አሳድገው በፍሬም አሠርተዋል፤ ሥልጠናው የሚከፈተው ፎቶውን ላይኛው አዳራሽ ውስጥ በመስቀል ነው። መታሰቢያ ይሆናል አለ። በሕይወቱ እንቢ ያለውን ደረጃ ሞቶ ሊያወጡት ነው። ፎቶ ደግሞ ቀላል ነው፤ ጥበቃና ሾፌር አይፈልግም፤ በአንድ ብብት ይወጣል፤ ፍሬን የለው፣ «ስሚንቶ መሰልኩህ?» አይል።

«ፎቶውን አትስቀሉት» አልኩት።

«ያዝናሉ ብለን አላሰብንም፤ ክብር ነው እኮ» አለ። ልብ ብሎ እንዳልሰማኝ ገባኝ። ቤቴ ውስጥ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ ልከራከረው አቅም አልነበረኝም። ሥልጠናው ማክሰኞ ነው አለኝ። እመጣለሁ አልኩት።

እስከ ማክሰኞ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ቆየ። ባልሄድ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ የባሌ ሥራ የቀለም ጣሳ ይቀመጥበታል። ብሄድና ብወጣ ደግሞ እኔው በእግሬ ዘጋሁት። ከዚህም ሌላ፣ ላይ ቆሜ ስለ አካል ጉዳተኛ ሕይወት የማወራው እኔ ማን ነኝ? ስለ እሱ አንድም ጥያቄ አልመልስም ብዬ ዕድሜዬን ግድግዳ ሳይ የኖርኩ ሴት፣ ሲሞት ጠብቄ በእሱ ፈንታ ልናገር ነው?

ማክሰኞ ወደ ደረጃው ሳልሄድ በመተላለፊያው አልፌ መዝገብ ቤት ገባሁ።

«አካም ጅርታ፣ እትዬ?» አለች ሴትዮዋ። ሣቅ የማያጣው ፊቷ ስታየኝ ጨለመ። «ላይ ይጠብቁሻል።»

«አንቺስ?»

«ለእኔ ሲወርዱ ይነግሩኛል። ባለፈው ስለ ደረጃ እድገት ተሰበሰቡ። ምን ተባለ ብዬ ብጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሻዩ ጥሩ ነበር።»

«ዛሬ አንቺ አሠልጥኚ» አልኳት።

«ማን? እኔ?»

«አዎ። እኔ የማውቀው አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ነው። አንቺ ኖረሽበታል። እሱን ያልሰማሽበት ቀን የለም፤ ነገሩን ሁሉ ታውቂዋለሽ።»

«ሴትዮ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው!»

«እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

መዝገቦቹን አየች፤ መስኮቱን አየች። «አፌ ላይ የተጠራቀመ ብዙ ነው» አለች። «ከጀመርኩ ምሳ ያልፋቸዋል።» ክራንቿን አነሣች።

ደረጃው ሥር ሁለት ወንበር አስቀመጥን። እሷ ክራንቾቿን የብረቱ መደገፊያ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፤ እኔ ከጎኗ። ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ኃላፊው እኔን ፍለጋ ወረደ፤ እንደ ልማዱ አጋማሹ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል እኮ» አለኝ። ከዚያ እሷን አየ። «እሷ እዚህ ምን ትፈልጋለች?»

ግድግዳውን አየሁ። የታችኛው ግማሽ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ጥቁር ጭረት አለ። የመጀመሪያው ቀን ባሌ ወንበሩን ሲያዞር የጎማው ብረት የፋቀው ነው፤ እስከዛሬ አልቀቡትም። ጭረቱን አየሁ።

«እትዬ? እርስዎን እኮ ነው።»

ዝም አልኩ። ላይ ያሉት ሰዎች ድምፃችን ስለጠፋ በመደገፊያው አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። አንድ ሁለቱ ይህን ዝምታ ያውቁታል፤ ሲጠቃቀሱ አየኋቸው።

«እዚሁ ነው ያለሁት» አለች የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። «እኔን ጠይቅ፤ አልነክስም።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የታችኛውን አዳራሽ ቁልፍ።»

«ዕቃ አለበት እኮ፣ እህቴ። ጄኔሬተር አለ...»

«ወደ ላይ ይውጣ። ላይ ሰፊ አዳራሽ አለ፣ ፕሮጀክተርም አለው አሉኝ። ስሚንቶ በትከሻቸው የሚያወጡ ሰዎችም አሉን።»

ላይ ሣቅ ፈነዳ። ከሣቁ መካከል አንዲት ሴት ወንበሯን አንጠልጥላ መውረድ ጀመረች፤ ከኋላዋ ሌሎች ተከተሉ። ሁሉም አልወረዱም። ኃላፊው ምንም ሳይል ወደ ላይ ተመለሰ፤ ከእሱ ጋር የቀሩትም አሉ፤ ሻይ የቀረበው ላይ ነበር። ታች፣ መተላለፊያው ላይ፣ ሥልጠናው ተጀመረ። መጀመሪያ ሴትዮዋ ክራንቾቿን ከመደገፊያው አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንድ ቀን ሰው በሌለበት በመቀመጫዋ ደረጃ በደረጃ እየተሳበች ወጥታ፣ ባዶውን አዳራሽ አይታ እንደወረደች ተናገረች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። የሚስቅ አልነበረም። እኔ ያለችውን ግድግዳው ላይ ባስደገፍነው ሰሌዳ መጻፍ አልቻልኩም፤ ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ።

ቁልፉ የተሰጠን ብዙ ደጅ ከጠናን በኋላ ነው። አዳራሹ ተከፍቷል፤ ስብሰባው ወርዷል፤ ጄኔሬተሩ ግን እስካሁን ጥግ ላይ አለ፤ ክፍሉ ናፍጣ ይሸታል። ኃላፊው እንግዶች በመጡ ጊዜ በሩን እያሳየ «እኛ በራሳችን ተነሣሽነት ያሠራነው ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አሁንም ቀፈፈኝ። ፎቶውን ሰቅለውታል፤ ላይ ነው። እኔ አላየሁትም፤ ደረጃውን አልወጣሁም።

ወንበሩ ቤቴ ነው። ጎማው አሁንም አልተነፈሰም።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ፈቃድ በምታገኝባቸው ቀኖች አብረን ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አዲስ ዓለም እንሄዳለን። አሠልጣኟ እሷ ናት። እኔ ወረቀት አድላለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ስለ እሷ እኔን ሲጠይቁኝ ግድግዳውን አያለሁ።